የብሩክታይት ጾም

ልጄ ቁጭ ብላ እንደማትቆይ ለማወቅ ቢቸና ውስጥ ማንም ሰው መሣሪያ አያስፈልገውም ነበር። ዐይን ይበቃል። ብሩክታይት ቆማ ትበላለች፣ ተንበርክካ ትጽፋለች፣ የጀመረችውን ወሬ ሳትጨርስ ወደ ሌላ ትዘላለች። ደብተሯን ክፍል ውስጥ፣ ጫማዋን ጎረቤት፣ ሹራቧን ደግሞ የት እንደሆነ በማይታወቅ ቦታ ትረሳለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ክፋት የለባትም። የሰው ነገር ስታበላሽ ከባለቤቱ ቀድማ የምታለቅሰው እሷ ናት።

ከተማው ለዚህ ሦስት ምክንያት ነበረው። አንዱ ቡዳ ነው ይላል። ሌላው የእናቷ እጅ ላልቶ ነው ይላል። ሦስተኛው፣ የተማረው ወገን፣ አባቷ ስለሞተ ነው ይላል። የሚያስቆጣኝ ይኸኛው ነው። ባሌ ፋንታ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። እንዴት እንደሞተ የሚያውቁት ያውቃሉ፤ ለማያውቁት የምነግረው የለኝም። ልጁ ግን እሱ በሕይወት ሳለም እንዲሁ ነበረች። ተቀምጣ ስለማትበላ እሱ ጉርሻውን ይዞ ግቢውን ሙሉ ከኋላዋ ይዞር ነበር። ሞቱን ሰው ሁሉ እንደ ጎረቤት ሙቀጫ እየተዋሰ የፈለገውን ሲወቅጥበት ማየት አልወድም።

ጥቅምት ላይ ርእሰ መምህሩ አቶ ገብረ ክርስቶስ ቢሮው አስጠራኝ። የሚመራው የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ ከልጆቹ ሥዕል ይልቅ የእሱ የምስክር ወረቀት ይበዛል።

“ቲቸር ውበቴ፣ ዘመኑ የሳይንስ ነው” አለኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ለማስተምረው ለእኔ። “ሞጣ የትኩረት ምርመራ ማዕከል ተከፍቷል። በኮምፒውተር ነው። የልጅ ትኩረት በፐርሰንት ይወጣል።”

“ሐኪም አለው?”

“ኮምፒውተር አለው እያልኩሽ!”

“ካልወሰድኳትስ?”

“እንግዲህ ያለ ውጤቱ ለሁለተኛው ሴሚስተር አልመዘግባትም። ወላጆች እያማረሩ ነው። ክፍሉን ትበጠብጣለች። ደግሞም…” አለና ድምፁን አለሰለሰ፤ “ያው ያለ አባት ማሳደግ…”

“ሞጣ የት አካባቢ ነው?” አልኩት። የፈጠንኩት ዓረፍተ ነገሩን እንዳይጨርሰው ነው።

ከእሱ ትምህርት ቤት ከወጣች የሚጠብቃት ሰማንያ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ነው። እዚያ ማንም አያስወጣትም፤ መጥፋቷንም የሚያይ አይኖርም። ስለዚህ መንገድ በተከፈተበት ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ሞጣ ሄድን። አቶ ገብረ ክርስቶስ አብሮን መጣ። ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ እስከ ደብረ ወርቅ ስለ ዘመናዊ ትምህርት ነገረው። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ሁለት ጊዜ ከፍ አደረገው፤ ርእሰ መምህሩ ግን የሚናገረው ለመሰማት አልነበረም።

ማዕከሉ ከቆርቆሮ መሸጫ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ባለቤቱ ስጦታው ይባላል። ነጭ ጋዋን ለብሷል፤ ኪሱ ላይ ስሙ “ዶክተር” ከሚል ቃል ጋር በሰማያዊ ክር ተጠልፏል። በምን እንደተመረቀ ጠየቅኩት።

“በማኔጅመንት። ግን ሥልጠና ወስጃለሁ።”

“የት?”

“ኦንላይን።”

ጥልፉ ግን ያማረ ነበር፤ ያንን አልነሣውም።

በጥያቄ ጀመረ። ስንት ዓመቷ ነው፣ በስንት ወሯ ሄደች፣ ምን ትወዳለች። ከዚያ ቀና ሳይል “በቤተሰብ የደረሰ ኀዘን?” አለ።

“ይለፉት።”

“አይታለፍም። ኮምፒውተሩ ባዶ ቦታ አይቀበልም።”

“እንግዲያው የለም ይበሉት።”

አቶ ገብረ ክርስቶስ ሊናገር አፉን ከፈተ። ዞር ብዬ አየሁት። መልሶ ዘጋው።

ምርመራው ይኸ ነበር፦ በስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደሎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ልጁ ፊደል ባየ ቁጥር ይጫናል፤ ኤክስ ስትመጣ ብቻ እጁን ይሰበስባል። በቃ። ብሩክታይት መጀመሪያ ደስ ብሏት ተጫነች። ቀጥሎ ታች መኪና ላይ ያለ ቆርቆሮ ማራገፍ ጀመሩ፤ አንዱ ሲወድቅ ክፍሉ በሙሉ ይጮኻል። ልጄ አንገቷን ወደ መስኮቱ ቀለሰች፤ እጇ ግን መጫኑን ቀጠለ፤ ኤክስም መጣ ዜድም መጣ።

“ሠላሳ አንድ ፐርሰንት” አለ ስጦታው፤ ቀይ ሰንጠረዥ እያሳየን። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር።

“አየሽ?” አለኝ ርእሰ መምህሩ።

“እስቲ እርስዎም ይሞክሩት” አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ስጦታው ስላየው እምቢ ማለት ከበደውና ኮቱን ሰብስቦ ተቀመጠ። ፊደሎቹ ገና መምጣት ሲጀምሩ ስልኩ ጮኸ። “ሄሎ! አዎ ሞጣ ነኝ! ምርመራ ላይ ነኝ! አይ፣ የኔ አይደለም!” በግራ እጁ ስልኩን ይዞ በቀኙ ዝም ብሎ ይጫናል። ሲጨርስ ስጦታው ስክሪኑን ወደ ራሱ ሊያዞር ሞከረ፤ ብሩክታይት ግን ቀድማ አየችው።

“እማዬ! አቶ ገብረ ክርስቶስ ሃያ ሁለት አመጡ! ከኔ በታች ወደቁ!”

“መሣሪያው ለትልቅ ሰው አልተሠራም” አለ ስጦታው።

“ይታያል” አልኩ።

ደረጃውን ስንወርድ ልጄ ቆርቆሮ ነጋዴውን ከበሩ ላይ ጠርታ “አጎቴ፣ ከሥር ያስቀመጡት አረንጓዴው ጫፉ ተቆልምሟል” አለችው። አገላብጦ ሲያየው እውነትም ተቆልምሟል። ባለ መኪናውን መሳደብ ጀመረ። ስለዚህኛው ትኩረት ማንም ፐርሰንት አልሰጣትም።

ወረቀቱ ግን ሥራውን ሠራ። ልጄ ተመዘገበች። አቶ ገብረ ክርስቶስ ውጤቱን ፋይል ውስጥ አስገብቶ፣ ለያዘው ሚስማር ልክ የሚሆን ቀዳዳ እንዳገኘ ሰው ዐረፈ። ሌላ ምንም አልተከተለም፤ ምክንያቱም እሱ የፈለገው ቁጥሩን እንጂ ልጅቷን አልነበረም።

እኔ ግን የስጦታው መሣሪያ የማይረባ ስለሆነ ልጄ ደህና ናት ብዬ አልተቀመጥኩም። ቴርሞሜትር ሲሰበር ትኩሳት አይጠፋም። ኅዳር ላይ ባሕር ዳር ወሰድኳት። ያገኘናት የሕፃናት አእምሮ ሐኪም ጠረጴዛዋ ላይ ኮምፒውተር አልነበረም። ልጄን አጫወተቻት፤ ሥዕል አሣለቻት፤ ከሦስት አስተማሪዎች በጽሑፍ ያመጣሁላትን አነበበች፤ ከሰባት ዓመቷ በፊት እንዴት እንደነበረች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ስለ አባቷም ጠየቀችኝ። ለእሷ ነገርኳት።

ስንጨርስ “ኀዘኑ ኀዘን ነው፤ ይኸ ግን ሌላ ነው፤ አብሯት የተወለደ ነው” አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ነገር እንደዚያ ለይቶ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሜቲልፌኒዴት የሚባል፣ ትኩረት የሚያግዝ ክኒን አዘዘችላት። ቢቸና አይገኝም፤ ሞጣ ፋርማሲ ያላት ሐናን የምትባል ባለሙያ በየወሩ ከአዲስ አበባ ልታስመጣልን ተስማማች። ትእዛዙ ቀላል ነበር፦ አንዱ ክኒን ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ሁለተኛው ቀትር ላይ ከምሳ በኋላ። ክኒኑ ምግብ ስለሚያስጠላ መጀመሪያ ትብላ። ከምሳ ሰዓት አልፎ እንዳትወስድ፤ እንቅልፍ ይነሣታል። በየወሩ ሐናን ዘንድ ትመዘን።

ከገና ማግስት ጀመርን። በሳምንቱ ከሥራ ስገባ ብሩክታይት የንባብ መጽሐፏን ይዛ ደጃፉ ላይ ጠበቀችኝ።

“እማዬ፣ ይኸ ተረት ለካ መጨረሻ አለው!”

“እንዴት አይኖረውም?”

“እኔ እንጃ። ደርሼበት አላውቅማ።”

ወደ ጓዳ ገባሁ። ስወጣ ፊቴን ታጥቤ ነበር።

ያኔ ነው የለውጧ ባለቤቶች የበዙት። አቶ ገብረ ክርስቶስ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ትምህርት ቤቱ ባስደረገው ዘመናዊ ምርመራ አንዲት ተማሪ እንዴት እንደተለወጠች ተናገረ። ከሞጣው ፐርሰንት በኋላ ባሕር ዳር የሚባል ከተማ እንዳለ አላነሣም። ሁለተኛዋ ባለቤት አማቴ ናቸው። እማማ ባንቺዓለም የፋንታ እናት ናቸው፤ በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ እሳቸው በፊተኛው ቤት፣ እኛ በኋለኛው። በከተማው የተከበሩ ሴት ናቸው። ለኪዳነ ምሕረት መጋረጃ ተስለው ነበርና ልጅቷ ስትረጋ ስለቱ ሰመረ አሉ። መድኃኒቱን ለማንም አልነገሩም። “የእብድ መድኃኒት ትውጣለች ከሚሏት ዝም ማለት ይሻላል” አሉኝ። ልጅቷን ለመጠበቅ ነው ብዬ ተውኩት። ጠዋት ቀድሜ ወጥቼ ማታ የምገባ እኔ ስለሆንኩ ቁርሷንም፣ ቀትር ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምሳዋንም፣ ሁለቱንም ክኒኖች የሚሰጧት እሳቸው ነበሩ።

የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ። እማማ ልጅቷ ለጾሙ እሳቸው ዘንድ እንድታድር ለመኑኝ። ፈቀድኩ። እኔ በየጠዋቱ ዳቦዋን እቆርጣለሁ፣ ምሳ ዕቃዋን ሽሮ ፍትፍት እሞላለሁ፣ ክኒኖቹን አይቼ እወጣለሁ። ማታ ስገባ ዳቦው የለም፤ ምሳ ዕቃው ባዶ ነው፤ ክኒኑም ልክ የሚጎድለውን ያህል ጎድሏል። የሚለካው ነገር ሁሉ ልክ ነበር።

ቀስ በቀስ ግን በመንገድ ያላወቁኝ መስለው የሚያልፉኝ ሴቶች ቆም እያሉ ሰላም ይሉኝ ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዐይናቸውን ሲመልሱብኝ የነበሩት ናቸው። “የዚያች የተባረከች ልጅ እናት” ሲሉ ሰማሁ። አንዷ፣ ባለፈው ዓመት ልጇን ከብሩክታይት ጋር እንዳይጫወት በአርጩሜ የገረፈች ሴት፣ እጄን ይዛ “ምነው ለኔም ልጅ ትንሽ ባካፈለችልኝ!” አለችኝ። ምኑን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ከእንደዚህ ያለ ሰው አፍ ምርቃት ስቀበል እጄን ታጥቤ ነው የምገባው።

መጋቢት ዐሥራ ስድስት ቀን የመመዘኛችን ቀን ነበር። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ልጄን ይዤ በማለዳ ወደ ሞጣ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ዳቦ ገዝቼ ሰጠኋት። እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

“ጾሜ ነው።”

“ማን ጹሚ አለሽ?”

“እስከ ዘጠኝ ነው የምጾመው። ሁሌ። አታውቂም እንዴ?”

ከኋላችን ያለ ሰውዬ “ቡሩክ ልጅ!” አለ። ከጎኑ ያለችው ሴት ደረቷን መታች። ሚኒባሱ በሙሉ ወደ ልጄ ዞረ። ብሩክታይት አንገቷን ቀጥ አድርጋ ተቀመጠች። በዕድሜዋ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር “ምን ሰበርሽ ደግሞ?” ለማለት ነበር። ዳቦውን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።

ሐናን ፋርማሲዋን ገና መክፈቷ ነበር። የረመዳን ጾም ስለሆነ ከንፈሯ ደርቋል። ልጄን ሚዛን ላይ አቆመቻት፤ ቁጥሩን አይታ አወረደቻት፤ ራሷ ወጣችበት፤ ወረደች፤ ልጄን መልሳ አቆመቻት።

“ሚዛኑ ደህና ነው” አለች። “አራት ኪሎ ቀንሳለች።”

የልጄን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰብኩት። ክንዷን በሁለት ጣቴ መግጠም ቻልኩ።

ሐናን ተንበርክካ ልጄን በፊት ለፊት አየቻት። “ብሩኬ፣ ክኒንሽን መቼ ነው የምትውጪው?”

“ከቅዳሴ ስንወጣ።”

“ጠዋትስ?”

“ጠዋት ያስገድፋላ!” አለች ልጄ፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት አይታወቅም በሚል ፊት። “ውሃ ይፈልጋል እኮ። እማማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱንም ታስውጠኛለች። አንዱ እንዳይቀርብሽ ብላ።”

“ከዚያ ትበያለሽ?”

“ትንሽ። ከዚያ ያስጠላኛል።”

“ምሳ ዕቃሽንስ?”

“ለነዳያን ነው የምንሰጠው። ዳቦውንም።”

“ሌሊት ትተኛለሽ?”

“አይመጣልኝም። እማማ እንቅልፍ የነሣሽ ለጸሎት ነው ትላለች። አብረን እንሰግዳለን። እኔ ከሷ የበለጠ እሰግዳለሁ!”

ሐናን ቀና ብላ አየችኝ። ሁለታችንም ያው ነገር ገብቶናል። ጠዋት ክፍል ውስጥ መድኃኒት የለም። ርእሰ መምህሩ “ተለወጠች” የሚላት ልጅ እንቅልፍ ያላየች፣ የራባት ልጅ ናት። ለመነሣት ዐቅም ያጣ ሕፃን ቁጭ ሲል፣ አንዱ ሳይንስ ነው አለ፣ ሌላው ስለት ነው አለ። አንድም ሰው “በላሽ ወይ?” አላላትም።

“እኔም ጾመኛ ነኝ፣ ብሩኬ” አለቻት ሐናን። “ቤቴ እንዳንቺ ያለች ልጅ አለችኝ። እሷን ግን ቁርስ አብልቼ ነው የመጣሁት። እኛ ዘንድ የታመመና ልጅ አይጾምም።”

“የኔ ይበልጣላ!” አለች ልጄ።

“ይበልጣል” አለች ሐናን፤ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።

ከባሕር ዳሯ ሐኪም ጋር በስልክ ተነጋገርን። ዛሬ ክኒኑ ይቅር፣ ትብላ፣ ትተኛ፤ ከነገ ጀምሮ መጀመሪያ ቁርስ፣ ከዚያ ክኒን፤ በሁለት ሳምንት ይዘሻት ነይ አለችኝ። ዳቦውን ግን “እስከ ዘጠኝ” ብላ እንደገና እምቢ አለች፤ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ ተኛች። ቅለቷ የሚያስፈራ ነበር።

ቢቸና ስንደርስ ዐሥር ሰዓት አልፏል። ቀኑ የኪዳነ ምሕረት ነው፤ የማኅበሩ ጽዋ ያን ወር በእማማ ባንቺዓለም ተራ ወድቆ ነበር። የፊተኛው ቤት በሴቶች ሞልቷል። የነፍስ አባታችን ቄስ አካለ ወልድ ከላይ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው አቶ ገብረ ክርስቶስ አለ፤ ሚስቱ ማኅበርተኛ ናት፣ እሱ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት አይጠፋም። ልጄን ሲያዩ ቤቱ ተንጫጫ።

“መጣች! መጣች ጾመኛዋ!”

“ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳትቀምስ!”

“ነይ የኔ እመቤት፣ እዚህ ነይ። እስቲ ለኔም ወገብ ጸልዪልኝ!”

ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ልጅ ከመካከላቸው አስቀመጧት። አንዷ ጉልበቷን ሳመች። ብሩክታይት ዐይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ ፊቷ በደስታ ያበራ ነበር። እዚያ ቤት ያሉትን ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ አየኋቸው። ልጄን ከደጃቸው ያላባረረ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። አንድ መልካም ቃል ለመስማት አራት ኪሎ ሥጋዋን መክፈል ነበረባት፤ እነሱም ተቀብለው ቆጠሩት።

“ነገ ሰልፍ ላይ ልሸልማት ነው” አለኝ አቶ ገብረ ክርስቶስ። “ከምርመራው ወዲህ እኮ ሌላ ልጅ ሆነች።”

“ከስለቱ ወዲህ” አሉ እማማ፤ ዝግ ብለው።

ነጠላዬን አልፈታሁም። በሩ ላይ እንደቆምኩ “እማማ፣ ክኒኗን በስንት ሰዓት ነው የሚሰጧት?” አልኩ።

“የምን ክኒን?” አለች አንዷ።

“ልጄ፣ እንግዳ ፊት…” አሉ እማማ።

“ለእንግዶቹ ነው የምጠይቅዎት።”

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ስለዚህ እኔ ነገርኳቸው። ክኒኑ ምን እንደሆነ፣ መቼ መወሰድ እንደነበረበት፣ መቼ እንደተወሰደ፣ ሚዛኑ ምን እንዳለ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ ክፍል ውስጥም አላደርግም። ነጭ ጋዋኑንም የኪሱን ጥልፍም አልነገርኳቸውም፤ ወደዚያ የወሰደን ርእሰ መምህር ፊቱን ወደ ጽዋው ሲቀብር ማየቴ ይበቃኝ ነበር።

ቄስ አካለ ወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ለታመመ ሰው ጾም አይታዘዝም። ይኸን ብትጠይቂኝ ድሮ በነገርኩሽ። ግን ማን ታማለች አለኝ? የተነገረኝ በስለት ዳነች ነው።”

“አባ፣ ልጅቷን አይተዋት ነበር?”

“በየቀኑ ትሳለመኛለች።”

“ቀና ብለው አይተዋት ነበር ወይ ነው የምልዎት።”

መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

እማማ ባንቺዓለም ማልቀስ ጀመሩ። “ለፋንታ ነፍስ ብዬ ነው” አሉ። “የልጄ ልጅ ስትጾምለት…” ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። የባሌን ስም በዚያ ቤት፣ በዚያ ሰዓት፣ እንደ መሸፈኛ ሲጎትቱት ስሰማ አንድ ነገር ልናገር ነበር። አልተናገርኩም። እሳቸውም እናቱ ናቸው።

ያልጠበቅኩት የልጄን ነው። ከመካከላቸው ተነሥታ ቆማ ነበር፤ ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሁሉ ጠፍቷል።

“እማዬ፣ ክኒኑ አይደለም የጾመው!” አለች። “እኔ ነኝ! ደብረ ወርቅ ዳቦ ስትሰጪኝ ክኒን አልዋጥኩም ነበር። ርቦኝ ነበር። በጣም ርቦኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት!”

እውነቷን ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ስለ እሷ እውነት የተናገረች እሷ ብቻ ነበረች። ሞጣ ያለው መሣሪያ ለቅጽበት አንዲት ፊደል እንድትተው ነበር የጠየቃት። እሷ ከማለዳ እስከ ማታ ዳቦ ፊት ተቀምጣ እጇን ሰብስባለች።

ሄጄ ፊት ለፊቷ ተንበረከክኩ።

“አንቺ ነሽ” አልኳት። “ክኒኑ አይደለም። አቶ ገብረ ክርስቶስም አይደሉም፣ መጋረጃውም አይደለም። አንቺ ነሽ የጾምሽው። ስለዚህ የምትፈቺውም አንቺ ነሽ። እኔ አላስገድድሽም። ግን ሰውነትሽ እያለቀ ነው፣ ልጄ። እኔ ደግሞ ሌላ የለኝም።”

ይኸን የመጨረሻውን በሰው ፊት ልናገር አላሰብኩም ነበር።

ብሩክታይት ወደ ቄሱ ዞረች። እሳቸው በዚህ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት፤ ረጅም አዩዋት። “ፈትቻለሁ፣ ልጄ። ብዪ” አሉ፤ ድምፃቸው ወርዶ። ከዚያ ወደ እማማ ዞረች። እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

መሶቡ ቀርቦ ነበር። እንጀራውን በምስር ወጥ ጠቅልዬ አጎረስኳት። አላመጠች፤ ዋጠች፤ አፏን ከፈተች። ሁለተኛ። ሦስተኛው ላይ እግሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። የዕለቱን ክኒን አልወሰደችም፤ ሆዷ ደግሞ ሥራ አግኝቷል። መጀመሪያ መሶቡን ዞረች፤ ከዚያ የሴቶቹን ጉልበት እየተሻገረች ወደ በሩ አለፈች፤ የአንዷን ጠላ በቀሚሷ ጠርጋ ደፋችው። “ይቅርታ! ይቅርታ!” እያለች ወደ ግቢው ወጣች።

“ውይ! ተመለሰባት!” አለች ጉልበቷን የሳመችው ሴት፤ ቀሚሷን እያራገፈች። “ኪዳነ ምሕረት! ያው ናት እኮ!”

“ያው ናት” አልኳት።

አቶ ገብረ ክርስቶስ ስለ ነገው ሽልማት ሊያስብበት እንደሚገባ አጉረመረመ።

“ይሸልሟት” አልኩት። “ብቻ አይቸኩሉ። ቁርሷን በልታ ነው የምትመጣው።”

አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ ወጣሁ። ልጄ ከግንቡ ሥር ደርሳ የጉንዳን መንገድ ታይ ነበር፤ ስጠጋ አፏን ከፈተች፤ ጎረሰች፤ ወደ ውሃ ቧንቧው ሮጠች። ተከተልኳት። ከኋላችን ማኅበሩ በሩን ሞልቶ ይመለከተናል፤ ስለ እኔ የሚሉትን ይላሉ። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞርነው። መንገዱን ከፋንታ ዐውቀዋለሁ።